«እኔ ብሆን ኖሮ» እና ይግባኝ ሰሚው ዳኛ

አንድ መዝገብ እናስብ። በመርካቶ ጨርቅ በጅምላ የምታከፋፍል አንዲት ነጋዴ አለች። አብሯት ይነግድ የነበረ ሰው «በአደራ የሰጠኋትን ገንዘብ ለራሷ አዋለችው» ብሎ ለፖሊስ አመለከተ፤ ዐቃቤ ሕግም በእምነት ማጉደል ወንጀል ከሰሳት። ጠበቃዋ የዋስ መብቷ እንዲጠበቅላት ጠየቀ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ፤ ምስክሮቹ የአንድ መደዳ ነጋዴዎች ስለሆኑ ብትወጣ ታባብላቸዋለች አለ። ዳኛው መዝገቡን አገላብጦ ትዕዛዝ ሰጠ፦ ተከሳሿ በዋስ ብትለቀቅ ማስረጃ ልታጠፋ ትችላለች ተብሎ ስለሚገመት ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም። ትዕዛዙ በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር አለቀ።

ጠበቃው ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ላይ ከተሰየሙት ዳኞች አንዷ መዝገቡን አንብባ ስትጨርስ በልቧ «እኔ ብሆን ኖሮ እፈቅድላት ነበር» አለች እንበል። ይህ ሐሳብ ብቻውን የሥር ፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ ለመሻር ይበቃል? በእኔ እምነት አይበቃም። ሆኖም ይህ ትዕዛዝ መጽናት አለበት ማለቴ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለውን ርቀት ማስረዳት ነው የዚህ ጽሑፍ ሥራ።

ፍርድ ቤት የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 63 ስለ ዋስትና ሲደነግግ፣ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የተከሰሰበት ወንጀል በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ያስቀጣል ወይ የሚለው ነው። ይህ የሕግ ጥያቄ ነው። የወንጀል ሕጉን ገልጦ ማንበብ ነው፤ መልሱም አንድ ነው። የሥር ዳኛው ከተሳሳተ ይግባኝ ሰሚው ያለ ምንም ይሉኝታ ያርመዋል፤ የሥር ዳኛው ከእርሱ የተሻለ የሚያነብበት ምክንያት የለምና። ተከሳሿ ቋሚ መኖሪያ አላት ወይስ የላትም የሚለው ደግሞ የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው። እርሱም መልሱ አንድ ነው፤ ማስረጃው ግን ሊያከራክር ይችላል።

ቁጥር 67 ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። አመልካቹ የዋስትና ግዴታውን የሚፈጽም ካልመሰለ፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል የሚያሰኝ ከሆነ፣ ወይም ምስክሮችን ያባብላል ማስረጃም ያጠፋል የሚያሰኝ ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም ይላል። ሦስቱም ገና ስላልሆነ ነገር የሚጠይቁ ናቸው። ነገ የሚሆነውን በምስክር ማረጋገጥ የሚችል የለም። ዳኛው ያለፈውንና ያለውን አይቶ፣ መዝኖ፣ ወደፊት ይገምታል። ሁለት ቅን ዳኞች አንድ መዝገብ ይዘው አንዱ ሊፈቅድ ሌላው ሊከለክል ይችላል፤ ሁለቱም ሕጉን አልጣሱም። የሕግ ሰዎች ይህን ስፋት «ፈቃደ ሥልጣን» ይሉታል። በቃሉ ውስጥ ያለው «ፈቃድ» ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ዳኛው ደስ እንዳለው የሚያደርግበት ሥልጣን ይመስላል። ፈቃዱ ግን የሕጉ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ቦታ ከልሎ፣ ምን ምን እንደሚመዘን ነግሮ፣ ምርጫውን ለዳኛው ተወ።

በፍትሐ ብሔርም ይህ ዓይነቱ ሥልጣን በየገጹ አለ። ተለዋጭ ቀጠሮ መስጠትና መከልከል፣ ክስ እንዲሻሻል መፍቀድ፣ ቀርቦ ያልተከራከረ ተከሳሽ «በቂ ምክንያት ነበረኝ» ሲል በሌለበት የተሰጠውን ውሳኔ ማንሳት፣ ጊዜያዊ እግድ መስጠት፣ ሁሉም ሚዛን የሚጠይቁ ናቸው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 462 ወጪና ኪሣራን ማን ከምን ምን ያህል እንደሚከፍል የመወሰኑን ነገር ለፍርድ ቤቱ ትቶታል።

እንግዲህ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ እጁን የሚሰበስበው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ የሥር ዳኛው አይቷል፣ ሰምቷል የሚል ነው። ምስክሩ ሲንተባተብ፣ ተከሳሹ ሲደነግጥ፣ ጠበቃው ቀጠሮ ለማራዘም ሲል ብቻ ሰነድ ጠፋብኝ ሲል በዐይኑ ያየ እርሱ ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ወረቀት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ለተለዋጭ ቀጠሮ በደንብ ይሠራል፤ የችሎቱን መጨናነቅና የተከራካሪውን ጠባይ ከሥር ዳኛው በላይ የሚያውቅ የለም። በዋስትና ጥያቄ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምስክር አይሰማም። የሥር ዳኛው የሚያየው ክሱን፣ የፖሊስ መዝገቡንና የሁለቱን ወገኖች ክርክር ነው። ይግባኝ ሰሚውም የሚያየው ያንኑ ነው። ስለዚህ «እርሱ አይቷል» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይሳሳል። በዚያ ላይ የተያዘው ጉዳይ የሰው ነጻነት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) በዋስ መለቀቅን መብት፣ መከልከሉን ደግሞ በሕግ የተመለከተ ልዩ ሁኔታ አድርጎ አስቀምጦታል። ይግባኝ ሰሚው ለቀጠሮ ትዕዛዝ የሚሰጠውን ክብደት ለዋስትና ትዕዛዝም በዚያው መጠን ከሰጠ ተሳስቷል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ክፍፍል ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን አምናለሁ። የሥር ፍርድ ቤት በአንድ ክርክር ውስጥ ደርዘን ትናንሽ ትዕዛዞች ይሰጣል። እያንዳንዱ ላይ ይግባኝ ቢባልና የበላዩ ፍርድ ቤት ሁሉንም እንደ አዲስ ቢመዝን ዋናው ክርክር መቼም አያልቅም። ሕጋችን ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 184 እና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 320(3) መሠረት፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መቃወሚያ፣ ማስረጃ ስለ መቀበልና አለመቀበል የሚሰጡ ትዕዛዞች ብቻቸውን ይግባኝ አይባልባቸውም። ቅሬታው ተይዞ ቆይቶ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር አብሮ ይነሣል። ያኔ የቀጠሮው ነገር ፍርዱን ለውጦት እንደሆነ በግልጽ ይታያል፤ ካልለወጠው ማንም አያነሣውም። ዋስትና መከልከል ግን እስከ መጨረሻው ፍርድ ሊጠብቅ አይችልም። ሰውየው በነጻ ቢለቀቅ እንኳ ታስሮ የቆየባቸውን ወራት የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 75 ዋስትና የተከለከለው ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል በር ከፍቶለታል።

ሦስተኛው ምክንያት እምብዛም አይነገርም። ከሁለት ቅን ግምቶች የኋለኛው ከፊተኛው የበለጠ እውነትነት እንዳለው የሚያረጋግጥ ነገር የለም። የበላይ ፍርድ ቤት በሕግ ጥያቄ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አንድ ትርጉም ለአገሩ ሁሉ ስለሚያስፈልግ ነው። «ይህች ነጋዴ ምስክር ታባብላለች ወይ?» ለሚለው ግን ሦስት ዳኛ ከአንድ ዳኛ የተሻለ ነቢይ አይሆንም።

በእኛ አገር ይህ አስተሳሰብ ባለጉዳይ ዘንድ በቀላሉ አይገባም፤ አለመግባቱም አያስደንቅም። በድሮው ሥርዓት ይግባኝ ከአጥቢያ ዳኛ ተነሥቶ እስከ ዙፋን ችሎት የሚዘልቅ መሰላል ነበር። በ1954ቱ ሕግ ቁጥር 183 ላይ እንኳ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት ማለት እንደሚችል ተጽፏል። ንጉሥ «የሥር ዳኛው ሊመርጥ ከሚችለው ስፋት አልወጣም» ብሎ አይመልስም፤ ራሱ ያየዋል፣ የመሰለውን ይፈርዳል። ዛሬም ይግባኝ የሚል ሰው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ጉዳዬን ሌላ ዳኛ ከእንደገና ይይልኝ። ይግባኙ «አያስቀርብም» ተብሎ ሲዘጋበት ያልተሰማ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ነው፤ ለምን እንደማያስቀርብ የነገረው የለምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይግባኝ ሰሚው «እኔ ብሆን ኖሮ» ካላለ ምን ይበል? የአውስትራሊያ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የቅጣት ይግባኝ ሲያይ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የሥር ዳኛው በተሳሳተ መርሕ ተመርቶ እንደሆነ፣ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ነገር መርቶት እንደሆነ፣ ፍሬ ነገሩን ስቶ እንደሆነ፣ ሊመዝነው የሚገባውን ዋና ነገር ትቶ እንደሆነ ይታያል። ከእነዚህ አንዱም ባይታይ፣ ውጤቱ ራሱ ሚዛን የጎደለውና ግልጽ በደል ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ስህተት እንደተሠራ ይገመታል። ይህ አመለካከት የሚመረምረው ዳኛው የሄደበትን መንገድ ነው፤ የደረሰበትን ቦታ የሚያየው መንገዱ ካልታየ ወይም ቦታው ፈጽሞ ከአጥሩ ውጭ ከሆነ ብቻ ነው።

በእኛ ሕግ ላይ አድርገን እንየው። አንድ ዳኛ «በእምነት ማጉደል ለተከሰሰ ሰው ዋስ አልሰጥም» የሚል ልማድ አለው እንበል። ይህ ፈቃደ ሥልጣኑን ያለ አግባብ ከመጠቀም የባሰ ነው፤ ጨርሶ አልተጠቀመበትም። ሕጉ በየሰዉ መዝን ብሎ ሰጠው፣ እርሱ በየወንጀሉ ዘጋው። ይግባኝ ሰሚው እዚህ ላይ መታቀብ አይገባውም፤ ሊያከብረው የሚገባ ምርጫ አልተደረገምና። ሌላ ዳኛ ደግሞ የተከሳሹን ብሔር ወይም በሰፈሩ የተነሣውን ወሬ መዝኖ ከሆነ፣ ሕጉ ያላስገባውን ነገር አስገብቷል። ሌላው ዋስትናውን ፈቅዶ መጠኑን ይተምናል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 69 የክሱን ክብደት፣ ተከሳሹ የመቅረቡን ነገር፣ በሕዝብ ጸጥታ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ፣ የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም እንዲመለከት ያዝዘዋል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ወጣት ላይ ስለ አቅሙ አንድ ቃል ሳያነሣ 100,000 ብር ቢያስይዝ፣ ያ ትዕዛዝ ላይ ላዩን ፈቃድ ነው፤ ሲገልጡት ክልከላ ነው። ይግባኝ ሰሚው «መጠኑ በዛ፣ እኔ 20,000 አደርገው ነበር» ማለት አያስፈልገውም። አቅም አልተመዘነም ማለት ይበቃዋል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ግን የመጀመሪያው ነገ ለሚመጣው ዳኛ ምንም አያስተምርም፣ ሁለተኛው ሕጉን ያስተምረዋል።

ቅጣት ላይ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በመካከሉ 15 ዓመት አለ፤ አንድ ልጅ ተወልዶ ለአካለ መጠን ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ዘመን ነው። አንቀጽ 88 ዳኛው የጥፋተኛውን አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ያነሣሣውን ምክንያት፣ የግል ኑሮውንና ትምህርቱን፣ የወንጀሉን ክብደትና አፈጻጸም መዝኖ እንዲቀጣ ያዝዛል። ሁሉም ትክክለኛ መመዘኛ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ስንት ዓመት? ተመሳሳይ ጥፋት በአንዱ ችሎት 7፣ በሌላው 16 ዓመት ሊያስከትል ይችል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚሁ አንቀጽ በተሰጠው ሥልጣን በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሻሻለው። ወንጀሎች ደረጃ ወጣላቸው፤ መነሻ ቅጣትና እርከን መጣ፤ እያንዳንዱ ማቅለያና ማክበጃ ስንት እርከን እንደሚያወርድና እንደሚያወጣ ተጻፈ።

ይህ የይግባኝ ሰሚውን ሥራ ከፍሎታል። ዳኛው የወንጀሉን ደረጃ ወይም የማቅለያውን እርከን ከሳተ ስህተቱ እንደ ሒሳብ ስህተት ነው፤ በላይ ያለው ዳኛ ሳያመነታ ያርመዋል። በተደረሰበት እርከን ውስጥ ካለው የቅጣት ስፋት ከታች ወይም ከላይ መምረጡ፣ ወይም እስራቱን በገደብ ማድረግ አለማድረጉ ግን ሚዛን ነው። ችግሩ መመሪያው ራሱ ሚዛንን ሊያስረሳ መቻሉ ነው። ዳኛ እርከን ቆጥሮ የወጣለትን ቁጥር ጽፎ ሲያቆም፣ ፊቱ የቆመውን ሰው ሳያየው ሊቀር ይችላል።

መመሪያ እያለም ሰውን መመዘን እንደሚቻል የሚያሳይ ከአሜሪካ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በአዮዋ አንድ ወጣት ተማሪ ሳለ ለጥቂት ወራት አደንዛዥ ዕፅ ከሚሸጡ ጋር ገብቶ፣ ማንም ሳይዘው በራሱ ፈቃድ ወጥቶ፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ በግንባታ ሥራ ራሱን ችሎ ከዓመታት በኋላ ተከሰሰ። የፌዴራሉ መመሪያ የሚያሳየው ከ30 እስከ 37 ወር እስራት ነበር። ዳኛው ግን ልጁ በራሱ መለወጡን መዝኖ፣ ምክንያቱን በዝርዝር ጽፎ፣ ሳያስር ለ36 ወር በቁጥጥር ሥር እንዲኖር ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከመመሪያው ይህን ያህል ለመራቅ ከወትሮው የተለየ ምክንያት ያስፈልጋል ብሎ ሻረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በ7 ለ2 ድምፅ የሥር ዳኛውን ውሳኔ መለሰው። ይግባኝ ሰሚው ሌላ ቅጣት ይሻል ነበር ብሎ በቅንነት ማሰቡ ብቻ ለመሻር አይበቃም አለ። ልብ በሉ፤ የሥር ዳኛው ውሳኔ የቆመው ዳኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያሰበውን ስለጻፈ ነው። ጽሑፉን ያነበቡት ዳኞች ባይስማሙበት እንኳ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይከታተሉታል።

ፈቃደ ሥልጣን ሲጠብ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ ደግሞ አለ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች፤ እርሳቸው ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ እንደገና ተያዙ። በዚያው ዓመት በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በዳኛዋ የዋስትና ትዕዛዝ የማይስማማ ወገን ሚዛኑ ተዛብቷል ብሎ በበላይ ፍርድ ቤት መከራከር ይችል ነበር፤ ይግባኝ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሚዛኑ ራሱ ከዳኛው እጅ ሲወሰድ ግን ይግባኝ ሰሚውም የሚመረምረው ነገር አጣ። በኋላ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 434 ከ10 ዓመት በላይ በማያስቀጣ የሙስና ክስ ዋስትናን መለሰ፤ ከዚያ በላይ ባለው ግን ዳኛው ሰው አይመዝንም፣ ዓመት ያነብባል።

ሰበር ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80(3) ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ችሎት የሰጠው ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ማረም ነው። ሚዛን የሕግ ስህተት ሊሆን ይችላል? ሚዛኑ ላይ የወጣው ነገር ሕጉ ያላዘዘው ከሆነ፣ ወይም ሕጉ ያዘዘው ሳይወጣ ከቀረ፣ አዎን፣ ሕግ ተስቷል። የወጣው ሁሉ ወጥቶ ዳኛው አንዱን ከሌላው አብልጦ ካየ ግን ያ የሰበር ጉዳይ አይደለም። ይህን መስመር መጠበቅ ከባድ ነው፤ በተለይ መዝገቡ የሚያሳዝን ሲሆን። ቢሆንም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። በአንዲት ነጋዴ ኑሮ ላይ የተመሠረተ ግምት በአስገዳጅ ትርጉም ስም ቢወጣ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ዳኛ ፊቱ ያለውን ሌላ ሰው በእርሷ ልክ ሊሰፋው ነው።

ወደ መርካቶዋ ነጋዴ እንመለስ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 149 ፍርድ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ያልታመነበትን ምክንያት እንዲይዝ ያዝዛል፤ የፍትሐ ብሔሩም ቁጥር 182 እንዲሁ። የዋስትና ትዕዛዝ እንደ ፍርድ ረጅም እንዲሆን ማንም አይጠብቅም። ሦስት መስመር ይበቃዋል። ምስክሮቹ እነማን ናቸው? ቃላቸውን ለፖሊስ ሰጥተዋል ወይስ አልሰጡም? የሰነድ ማስረጃው በማን እጅ ነው? እርሷስ ከዚህ በፊት ሰው ለማባበል ሞክራለች? ዳኛው እነዚህን ጽፎ «ስለዚህ ያሰጋል» ቢል ኖሮ፣ ይግባኝ ሰሚዋ ዳኛ «እኔ ብሆን እፈቅድ ነበር» የሚለውን ሐሳቧን በልቧ ይዛ ትዕዛዙን ማጽናት ይገባት ነበር።

እርሱ ግን የጻፈው የሕጉን ቃል መልሶ ነው። «ማስረጃ ልታጠፋ ትችላለች» የቁጥር 67 ቃል ነው፤ ስለ እርሷ ምንም አይናገርም። ለየትኛውም ተከሳሽ ስሙን ቀይሮ ሊጻፍ ይችላል። ያልተገለጸ ሚዛን መመርመርም ማክበርም አይቻልም። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ትዕዛዙን የሚሽረው ግምቱ የተሳሳተ ነው ብሎ ሳይሆን ግምት መደረጉ አልታየም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። ነጥብ ይዞ ለሥር ፍርድ ቤቱ መመለስ፣ ወይም ራሱ መዝኖ መወሰን። በንብረት ክርክር ቢሆን መመለሱን እመርጣለሁ። ሰው ታስሮ ሲጠብቅ ግን መዝገብ በወጣና በወረደ ቁጥር ሌላ ሳምንት ይሄዳል፤ የዋስትናው መዝገብ ደግሞ ሙሉ ሆኖ እፊቱ ነው። ችሎቱ ራሱ ይመዝን። ዐቃቤ ሕጉን «የትኛው ምስክር ነው የሚያሰጋህ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱን ይጻፍ፣ ከፈቀደም ከከለከለም ለምን እንደሆነ በዚያው ትዕዛዝ ላይ ያስፍር። የሚቀጥለው የዋስትና ጥያቄ ወደ ሥር ፍርድ ቤቱ ሲመጣ ዳኛው የሚያነበው ያንን ነው።